ባዶ ተብሎ የተጻፈ አገር

በደቡብ አውስትራሊያ፣ ከአደሌድ ከተማ ወደ ሰሜን 600 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ፣ ማሪ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ቢበዙ መቶ ቢሆኑ ነው። በ1883 የተሠራ ባለ ፎቅ ሆቴል፣ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት፣ ባቡር የማይደርስበት የባቡር ጣቢያ፣ ሁለት የአፈር መንገዶች፤ ከዚያ ወዲያ ጠጠርና ጨው ነው። የራሷ ማዘጋጃ ቤት እንኳ የላትም፤ ከግዛቱ የቆዳ ስፋት 60 በመቶ የሚበልጠው ደረቅ ምድር በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ተጠቃሎ ሲተዳደር እሷም የዚያው አካል ናት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ካርታ የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለውን ቦታ ዓይኑ አልፎት ይሄዳል፤ በጀት የሚመድብም እንደዚሁ። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ስንት ሰው ይኖርበታል? እኔ ደግሞ ይህ ጥያቄ ለደረቅ አገር የማይመጥን፣ ከዚያም አልፎ አደገኛ ጥያቄ ነው ብዬ እከራከራለሁ። አንድን ስፍራ ልናውቀው የምንችለው ሕይወት የቆመበትን ነገር ማን እንደጠበቀውና ማን እንደሚጠየቅበት ስንመረምር ነው። በማሪ አገር ያ ነገር ውሃና የውሃ መንገድ ነው። ይህንን የዘነጋ ቆጠራ ሰው ያለበትን አገር ባዶ ብሎ ይጽፋል፤ ባዶ ተብሎ በተጻፈ አገር ላይ ደግሞ የፈለጉትን ማድረግ ቀላል ነው።

ከውሃው እንጀምር። ማሪ ላይ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 160 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ በዓመት ሊያተኑት የሚችሉት ውሃ ግን ከሁለት ሜትር ይበልጣል። በዚህ ሒሳብ ከሄድን እዚያ መንደር ቀርቶ ዛፍ መኖሩም ያስደንቃል። ነገሩን የሚፈታው ከመሬት በታች ያለው ነው። ታላቁ የአርቴዥያን ተፋሰስ የሚባለው የከርሰ ምድር ውሃ 1.7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚደርስ ስፋት፣ ከአውስትራሊያ ምድር አንድ አምስተኛውን በሚበልጠው ሥር ተዘርግቷል። በምሥራቅ፣ በኩዊንስላንድ ተራሮች ላይ የወረደ ዝናብ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ፣ በዓመት ጥቂት ሜትር ብቻ እየተጓዘ፣ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩና ከዚያም በሚበልጡ ዓመታት ወደዚህ ይደርሳል። ተፋሰሱ በሚያበቃበት ጠርዝ፣ ድንጋዩ በተሰነጠቀበት፣ ማንም ሳይስበው በራሱ ግፊት ይወጣል። ምንጮቹ ከማሪ አካባቢ ተነሥተው ወደ ሰሜን ምዕራብ እስከ ኡድናዳታና ከዚያም ወዲያ በቅስት መልክ ተሰድረዋል። በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ሲታዩ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያስኬድ መንገድ ይመስላሉ፤ ደግሞም መንገድ ናቸው።

ከማሪ ወደ ዊሊያም ክሪክ በሚወስደው መንገድ ላይ ከእነዚህ ምንጮች ሁለቱ ተጎራብተው ይገኛሉ። ብላንሽ ካፕ የሚባለው ጉብታ ነው፤ ውሃው ከሥር ይዞት የወጣው ኖራና ነፋስ ያመጣው አሸዋ በሺህ ዓመታት ተደራርበው የሠሩት ጉብታ። አናቱ ላይ ክብ ኩሬ አለ፤ ጠርዙን ደንገል ከቦታል፤ ከዚያ ቁልቁል የሚታየው ጨው የተረጨበት ሜዳ ነው። በብለር በሚባለው ደግሞ የኩሬው ወለል ግራጫ አሸዋ እንደሚፈላ ገንፎ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ይረጋል፣ ተመልሶ ያብጣል። በምንጮቹ ውስጥ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፤ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። የአገሩ ባለቤቶች አራባናዎች ስለዚህ ቦታ የሚናገሩት ታሪክ አላቸው። የጥንት አባት አንድን ታላቅ እባብ ተከታትሎ እዚህ ገደለው፤ የውሃው መንፈራገጥ የእባቡ ጣር ነው፤ አብስሎ የበላበት ምድጃ ብላንሽ ካፕ ሆነ፤ የተጣለው ራስ ደግሞ በቅርብ የሚታየው ሃሚልተን ኮረብታ ነው። ይህንን ታሪክ እንደ ተረት ሰምቶ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን እንደ ማስረጃ እወስደዋለሁ። ሦስት የመሬት ምልክቶችን በአንድ ድርጊት ያያዘ ሰው ቦታውን ደጋግሞ አይቶታል፣ ስም ሰጥቶታል፣ ለልጁ የሚያስተላልፈው አድርጎታል። ምንጩ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን የመናገር መብት ያለው ቤተሰብ አለ፤ መብቱ ያለው ሰው ደግሞ ምንጩ እንዳይረክስ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የመሬት መዝገብ የምንለው ነገር ሥራው ይኸው አይደለምን?

መንገዱም ቢሆን ከአውሮፓውያን በፊት ነበረ። ከማሪ በስተሰሜን ካለው ከኤር ሐይቅ ዙሪያና ከሰሜን ምሥራቁ አሸዋማ አገር የሚነሡ ሰዎች፣ በተለይም ዲየሪዎች፣ በፍሊንደርስ ተራሮች ፓራቺልና አጠገብ የሚገኘውን ቀይ አፈር ለማምጣት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ቀይ አፈሩ ለሥርዓት የሚፈለግ፣ በልውውጥም ሩቅ አገር የሚደርስ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያልፍበትን ሕዝብ ፈቃድ፣ የውሃውን ቦታ፣ የጊዜውን ልክ ካላወቁ አይሞከርም። አሳሹ ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት በ1859 ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ከባልደረቦቹ አንዱ የሆነው ጀርመናዊው ሄርጎት ዛሬ ማሪ ባለችበት ምንጭ አገኘ፤ ስፍራውም የሄርጎት ምንጮች ተባለ። ስቱዋርት ከዚያ ወዲያ የምንጮቹን ቅስት እየተከተለ፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1862 አህጉሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን ጠረፍ አቋረጠ። ታላቅ ተጓዥ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያለፈበት በር አስቀድሞ ክፍት ነበር፤ ለዘመናት ሲረገጥና ሲጠበቅ የኖረ በር ነው። የስቱዋርት ጉዞ የታሪክ መጀመሪያ ተደርጎ ሲጻፍ፣ በሩን ክፍት አድርገው ያቆዩት ሰዎች የመልክዓ ምድሩ አካል ሆነው ይቀራሉ።

ከስቱዋርት በኋላ የመጣው ሁሉ ያንኑ መስመር ተከተለ። በ1870 እና በ1872 መካከል ከደቡቡ ፖርት ኦጋስታ እስከ ሰሜኑ ዳርዊን 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ በምንጮቹ አጠገብ ሄደ፤ የሽቦው ጠባቂዎች ውሃ ያስፈልጋቸው ነበርና። ቀጥሎ ባቡሩ መጣ። በ1878 ከፖርት ኦጋስታ ተነሥቶ በ1884 ሄርጎት ምንጮች ደረሰ፤ በ1891 ኡድናዳታ ገባ፤ አሊስ ስፕሪንግስ ለመድረስ ግን እስከ 1929 ጠበቀ። የእንፋሎት ባቡር ከበቅሎ የባሰ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ሐዲዱም የምንጮቹን ቅስት ያዘ። እዚህ ላይ የማሪ አቀማመጥ ምሥጢሩ ይገለጣል። ከሰሜኗ ያለው ኤር ሐይቅ፣ ዛሬ በይፋ ካቲ ታንዳ-ኤር ሐይቅ የሚባለው፣ ከባሕር ጠለል በታች 15 ሜትር ገደማ የሚወርድ ሰፊ የጨው ሜዳ ነው፤ በዘመን አንዴ በሩቅ ወንዞች ጎርፍ ይሞላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ይኖራል። ሞላም ደረቀም አይሻገሩትም። ስለዚህ ከደቡብ የሚመጣ መንገደኛ ማሪ ላይ ሲደርስ መወሰን አለበት፦ ወይ በግራ ምንጮቹን ተከትሎ ወደ ኡድናዳታ፣ ወይ በቀኝ 517 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወደ በርድስቪል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ የኩዊንስላንድ ከብት እየተነዳ መጥቶ ማሪ ላይ ባቡር ይሳፈር ነበር። ከ1890ዎቹ ጀምሮ መንግሥት በመንገዱ ላይ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶችን እያስቆፈረ፣ መንጋው ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው እንዲደርስ አደረገ።

ባቡሩ በማይደርስበት ሁሉ ጭነቱን የተሸከሙት ግመሎች ናቸው። በ1860 አህጉሩን ለማቋረጥ ለተነሣው የበርክና ዊልስ ጉዞ ተብለው 24 ግመሎች ከካራቺ መጡ፤ በ1866 ቶማስ ኤልደር የተባለው ባለ ሀብት ከመቶ የሚበልጡ ግመሎችን ከ31 ነጂዎች ጋር አስመጥቶ ከማሪ በስተደቡብ በቤልታና ማርባት ጀመረ። እስከሚቀጥለው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከ2,000 የማያንሱ ግመል ነጂዎች ወደ አውስትራሊያ ገብተዋል። ሁሉም አፍጋን ተባሉ እንጂ የመጡት ከባሉቺስታን፣ ከፓንጃብ፣ ከሲንድ፣ ከካሽሚርና ከፓሽቱን አገር ነው። አንድ ብርቱ ግመል ከ500 ኪሎ በላይ ይሸከማል፤ ሱፍ ወደ ባቡሩ፣ ዱቄት፣ ሻይ፣ ሽቦና ቆርቆሮ ደግሞ ወደ ሩቆቹ የከብት እርባታዎች። ማሪ የዚህ ሥራ ዋና ማዕከል ነበረች። በ1880ዎቹ አካባቢ ሰዎቹ ከጭቃና ከሣር መስጊድ ሠሩ፤ ከአውስትራሊያ ቀደምት መስጊዶች አንዱ ነው፤ ፊት ለፊቱ ለውዱ የሚሆን ኩሬ ነበረው። ከውሃው ሁሉ ይህ ኩሬ ይበልጥ ያሳስበኛል። በዓመት 160 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አገር፣ የሚጠጣውን ለግመል የሚያካፍል ሰው፣ ከጸሎት በፊት እጁንና እግሩን የሚታጠብበት ውሃ ለይቶ አስቀመጠ። ሊያልፍ የመጣ ሰው እንዲህ አያደርግም።

መንደሯ ግን ለሁለት ተከፍላ ነበር፤ ሐዲዱ ድንበር ሆነ። በአንደኛው ወገን ሆቴሉና የአውሮፓውያኑ ቤቶች፣ በሌላው ወገን የግመል ነጂዎቹ ሰፈርና የነባር ሕዝቦች መኖሪያ። ብዙዎቹ ግመል ነጂዎች ሚስቶቻቸውን ይዘው መምጣት ስላልቻሉ ከነባር ሕዝብ ሴቶች ጋር ተጋቡ፤ በዚያ አካባቢ ዛሬም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የአራባናም የባሉቺም የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ አሉ። ሕጉ ግን ይህንን ሰፈር እንደ ጊዜያዊ ድንኳን ነበር የሚያየው። የ1901ዱ የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን ዘጋ፤ የ1903ቱ ሕግ ከእስያ የመጣ ሰው ዜግነት እንዳያገኝ ከለከለ። የጭነት መኪና ሲመጣና ግመሉ ሥራ ሲፈታ፣ የደቡብ አውስትራሊያ ምክር ቤት በ1925 ያለፈቃድ የሚንከራተቱ ግመሎች እንዲገደሉ የሚፈቅድ አዋጅ አወጣ። ብዙ ነጂዎች ግመሎቻቸውን ከማስገደል ይልቅ ወደ በረሃ ለቀቋቸው። ዛሬ በአውስትራሊያ መሃል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት የዱር ግመሎች የእነዚያ ዘሮች ናቸው። ሄርጎት የሚለው ስም ራሱ አልተረፈም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ስሞች ከካርታ ሲፋቁ በ1918 ጣቢያውም ማሪ ተባለ። አንድ ትውልድ ሠርቶ የሚኖርበትን አገር የሚቀጥለው ትውልድ ሕግ እንዳልነበረ ሲያደርገው ማሪ ደጋግማ አይታለች።

አሁን ወደ ቆጠራው ልመለስ፤ የክርክሬ ዋና ማስረጃ ያለው እዚያ ነውና። በ1901 ሥራ ላይ የዋለው የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 127 የነባር ሕዝቦች ቁጥር ከአገሪቱ ሕዝብ ድምር ውስጥ እንዳይገባ ይደነግግ ነበር። ይህ አንቀጽ የተሰረዘው በ1967 ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ከመራጩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግፎታል። እንግዲህ ለ66 ዓመታት እንደ ማሪ ያለ ስፍራ የሕዝብ ቁጥሩ ሲደመር ከሐዲዱ ማዶ ያሉት ነባር ሕዝቦች አይገቡበትም ነበር ማለት ነው። ምንጮቹን ለሺህ ዓመታት የጠበቀው ሕዝብ በአገሩ ላይ ቆሞ፣ በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ባዶነት የመሬቱ ጠባይ አልነበረም፤ የመዝገቡ ጠባይ ነበር። ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቅኩ። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ ከማሪ በስተምዕራብ ያለው ሰፊ አገር ሰው የሌለበት ነው ተብሎ ከ1947 ጀምሮ የዉሜራ የሮኬት መሞከሪያ ሆነ፤ ብሪታንያም በ1953 በኢሙ ሜዳ፣ በ1956 እና በ1957 በማራሊንጋ የኑክሌር ቦምቦችን አፈነዳች። በዚያ ምድር የሚኖሩ፣ ውሃውን በስሙ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ባዶ የሚለው ቃል መጀመሪያ በቆጠራ ቅጽ ላይ ይጻፋል፤ ቀጥሎ በጦር ሠራዊት ካርታ ላይ ይገኛል። በ1998 ደግሞ አንድ አብራሪ ከማሪ በስተምዕራብ ባለው ደጋማ ሜዳ ላይ 2.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የአዳኝ ሰው ምስል መሬት ላይ ተቆፍሮ አየ። ማን እንደሠራው በይፋ አልታወቀም። ነፋስ እያደበዘዘው ስለሄደ በ2016 መስመሩ እንደገና ታርሷል። የቱሪስት መስህብ ሆኗል፣ ለመንደሯም ገቢ አምጥቷል፤ ይህንን አልንቅም። ሆኖም የሰውን አገር እንደ ንጹሕ ወረቀት አይቶ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ መሣል የቻለ እጅ የተማረው ከዚያው ከቆጠራው ትምህርት ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ሁሉንም ነገር ወደ ምንጭ ካመጣኸው፣ ታሪክን ለጂኦግራፊ አስገዛኸው ማለት ነው፤ ሰዎቹ ታዲያ ምን ሠሩ? ይላል። መልሱ ማሪ ራሷ ውስጥ አለ። በቅስቱ ላይ ብዙ ምንጮች አሉ፤ መንደር የሆኑት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ምንጭ መቆየትን ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። ሐዲዱ በምንጮቹ አጠገብ መሄዱን ውሃ ወሰነ፤ ሐዲዱ ሰውን ከሰው የሚለይ አጥር እንዲሆን ግን ሰዎች ወሰኑ። ከማሪ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለችው ፋሪና የዚህ ተቃራኒ ምስክር ናት። የመሬት ቀያሹ ጆርጅ ጎይደር በ1865 ከእሱ በስተሰሜን ያለው አገር ለእርሻ ዝናብ አይበቃውም ያለውን መስመር አስምሮ ነበር። ፋሪና ከመስመሩ እጅግ ወደ ሰሜን ናት። ሆኖም በ1870ዎቹ ጥቂት ጥሩ ክረምቶች ሲገጥሙ፣ ማረሻ ባለፈበት ዝናብ ይከተላል የሚል እምነት ተስፋፍቶ፣ ፋሪና የስንዴ ከተማ ትሆናለች ተብላ ተቀየሰች። ድርቁ ሲመለስ ስንዴው ከሰመ፤ ዛሬ የቆመው የድንጋይ ፍርስራሽ ነው። ፋሪና የተፀነሰችው በሚመጣው ሰው ብዛት ነበር። ማሪ የቆመችው ባለው ውሃ ልክ ነው። ጂኦግራፊ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጨካኝ ነበር፤ ልዩነቱ የሰዎቹ ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ማሪን ባቡር ሠራት፣ ባቡር ሲሄድ አለቀች፤ የቀረው ትዝታ ነው የሚሉ አሉ። የባቡሩ መሄድ እውነት ነው። ከ1957 ጀምሮ ከደቡብ የመጣው 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ማሪ ላይ ከ1,067 ሚሊ ሜትሩ ጠባብ ሐዲድ ጋር ይገናኝ ስለነበር፣ ዕቃውም ከብቱም መንገደኛውም እዚያ ወርዶ ይዛወር ነበር፤ ለመንደሯ ሥራ የበዛበት ዘመን ነው። በ1980 አዲሱ መስመር በምዕራብ በኩል በታርኩላ አድርጎ ተከፈተና የድሮው ሰሜናዊ ሐዲድ ተዘጋ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከደቡብ የሚመጣውም ቀረ። ነገር ግን ለምን ሄደ? ከ1954 ጀምሮ በዚያ ሐዲድ ላይ በናፍጣ የሚሄዱ ባቡሮች ስለገቡ የምንጮቹ ውሃ አላስፈለገም፤ የድሮው መስመር ደግሞ በጎርፍ ደጋግሞ እየተቆረጠ ያስቸግር ነበር። ባቡሩ የሄደው ከውሃው ጋር የነበረው ውል ስላበቃ ነው። የባቡሩ ማሪ አበቃች ማለት ትክክል ነው። ማሪ አበቃች ማለት ግን የአንድን ተከራይ መውጣት የቤቱ መፍረስ አድርጎ መጻፍ ነው። በ2012 የፌዴራል ፍርድ ቤት አራባናዎች ሐይቁን ጨምሮ ወደ 70,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚጠጋ አገር ላይ ያላቸውን የነባር ሕዝብ የመሬት መብት አጸና። መነሣት፣ ማደግ፣ ማሽቆልቆል የሚለው የተለመደ የትንሽ ከተማ ታሪክ ይህንን ቀን የት ያስቀምጠዋል? ባቡሩን ዋና ገጸ ባሕርይ ላደረገ ታሪክ 2012 ትርጉም የለውም። ውሃውንና ጠባቂውን ለሚከተል ታሪክ ግን ከ1884 የሚበልጥ ቀን ነው።

ሦስተኛው የበጀት ጥያቄ ነው፤ ቀናነት አለበትና በቀናነት ልመልሰው። የመንግሥት ገንዘብ ውስን ነው፤ ክሊኒክም ትምህርት ቤትም መንገድም ሰው ባለበት ቢሠራ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። ይህንን ማንም አይክደውም። ግን በሩቅ አገር የአንድ ስፍራ ጥቅም የሚሰላው እዚያ በሚያድረው ሰው ብቻ ከሆነ ሒሳቡ ይሳሳታል። በ1963 ዲሴምበር ላይ በበርድስቪል መንገድ መኪናቸው የቆመባቸው አምስት የአንድ ቤተሰብ ሰዎች በጥምና በሙቀት ሞተዋል። በዚያ መንገድ ላይ ቶም ክሩዝ የተባለው የፖስታ ነጂ ከ1936 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ደብዳቤና ስንቅ ከማሪ ወደ በርድስቪል ሲያመላልስ ነበር፤ በ1954 የወጣው ዘ ባክ ኦቭ ቢዮንድ የተባለው ዘጋቢ ፊልም በቬኒስ ታላቁን ሽልማት ያገኘው የእሱን ጉዞ አሳይቶ ነው። ክሩዝ የሚያገለግላቸው ሰዎች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ግን የእነሱ መኖር የመንገዱ መኖር ነበር፤ የመንገዱ መኖር ደግሞ ለሚያልፈው ሁሉ በሕይወት የመድረስ ዋስትና ነው። ማሪ ላይ ያለ ነዳጅ፣ ጎማ ጠጋኝ፣ ስልክና ፖሊስ የመቶ ነዋሪዎች ብቻ አይደለም። የሚያልፈው ሰው በማንም የሕዝብ ቆጠራ ላይ የማሪ ሰው ተብሎ አይጻፍም፤ ሕይወቱ ግን ለአንድ ቀን በማሪ እጅ ላይ ናት።

አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ሳላነሣ ባልፍ ክርክሬ ሐቀኛ አይሆንም። ጠባቂ ያልኳቸው ሁሉ ንጹሐን አልነበሩም። የግመል ነጂው ጭነት የአራባናን አገር ለቀሙት እርባታዎች የሚሆን ሽቦና ስንቅ ነበር። መንጋው ምንጮቹን ረግጦ አድፍርሷል፤ ቴሌግራፉም ባቡሩም የተተከሉት ባለቤቱ ሳይጠየቅ ነው። ታዲያ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ተበዳዩንና በዳዩን ማቀላቀል አይሆንም? አይሆንም፤ ምክንያቱም መጠበቅ ማዕረግ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ግዴታ ደግሞ የሚፈጸምም የሚጓደልም ነው። ውሃው የሚጠይቀው ሁሉንም ያንኑ ጥያቄ ነው፤ መልሶቻቸው ግን እኩል አይደሉም። አራባናዎች ምንጮቹን ለልጆቻቸው አቆይተው አስረክበዋል። ግመል ነጂዎቹ በሰው አገር ገብተው፣ ተጋብተው፣ ቀብረው፣ የዚያ አገር ሰው ሆነዋል። ጉድጓድ ያስቆፈረው መንግሥት ግን ውሃው የማያልቅ መስሎት ነበር። በታላቁ ተፋሰስ ውሃ በራሱ ግፊት የሚፈስበት ጉድጓድ መጀመሪያ የተገኘው በ1878 በኒው ሳውዝ ዌልስ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ተቆፈሩ፤ ብዙዎቹ ያለ መዝጊያ ሌት ተቀን ይፈሱ ነበር፤ በክፍት ቦይ ለከብት ከሚለቀቀው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በትነትና በስርገት ይጠፋ ነበር። ግፊቱ ሲወርድ በተፋሰሱ ብዙ ቦታ ምንጮች ደረቁ። ከ1999 ጀምሮ የፌዴራልና የክልል መንግሥታት ከባለ እርባታዎች ጋር ሆነው ጉድጓዶቹን መክደንና ቦዩን በቧንቧ መተካት ጀምረዋል፤ ግፊቱም በየቦታው እያገገመ ነው። ይህ ሥራ ለአንድ መራጭ ሕዝብ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ለውሃው የተሠራ ነው፤ ልክ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ሥራው ግን አላለቀም። ከማሪ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው የኦሊምፒክ ዳም የመዳብና የዩራኒየም ማዕድን በ1982 በወጣ ልዩ ሕግ ተመሥርቶ፣ ከ1988 ጀምሮ እያመረተ፣ ከዚሁ ተፋሰስ በቀን በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሊትር ውሃ ይስባል፤ ከጉድጓዶቹ ከፊሎቹ የተቆፈሩት በምንጮቹ አቅራቢያ ነው። መዳብ ዓለም የሚፈልገው ነገር ነው፤ ማዕድኑ የሚያሠራቸው ሰዎች ቁጥርም ከማሪ ነዋሪ እጅግ ይበልጣል። በራስ ቁጥር ከተመዘነ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል፤ መቶ ሰው ከሺዎች ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ነው መለኪያው ይቀየር የምለው። ውሃው በመቶ ሺህ ዓመታት የመጣ ነው፤ አንዴ ግፊቱ ከወረደ በቀላሉ አይመለስም፤ በምንጩ ውስጥ ያለችው ቀንድ አውጣም ሌላ መሄጃ የላትም። ከዚህ ተፋሰስ ውሃ ለመሳብ የሚፈልግ ኩባንያ ሁሉ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት የየምንጩን የፍሰት መጠን በገለልተኛ ባለሙያ ያስለካ፤ ውጤቱን ለሕዝብ ያውጣ፤ የአራባናን ይሁንታም በጽሑፍ ያግኝ። ፍሰቱ ከተለካው ልክ ሲወርድ መሳቡ በዚያው ቀን ይቁም። የደቡብ አውስትራሊያ ምክር ቤት ይህንን ሕግ ለማውጣት ሥልጣኑ አለው፤ ያውጣው።